ገና ሳላልፍ «ሲስተር» ይሉኛል

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከኮዬ ፈጬ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ጠይቃለች። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 24 ዓመቴ ነው። በነርሲንግ በዲግሪ ተመርቄያለሁ። የሙያ ፈቃድ ምዘና ፈተናውን ተፈትኜ ለትንሽ ነጥብ ወደቅኩ። ለእናቴ ግን ‹ውጤቱ ገና አልመጣም› አልኳት፤ ይኸው አራት ወር ሆነው። እናቴ ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሳች እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው ያስተማረችኝ። በብሎካችን ሰው ሁሉ ‹ሲስተር› ነው የሚለኝ። ‹ቢፒ (የደም ግፊት) ለኪን› እያሉ በራችንን ሲያንኳኩ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። ለድጋሚው ፈተና ተመዝግቤያለሁ። እናቴ ስትተኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ፒዲኤፍ አነባለሁ፤ ግን የማነበው አይገባኝም። አንድ ልጅ በቴሌግራም ‹የፈተናውን ጥያቄ ከነመልሱ በ8,000 ብር እሰጥሻለሁ› ብሎኛል። የእናቴ እቁብ በሚቀጥለው ወር ይወጣላታል፤ ሰበብ ፈጥሬ ልጠይቃት አስቤያለሁ። ሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ ደግሞ ‹ፈቃድሽ እስኪመጣ መርፌ እየወጋሽ ሥሪ› ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ክሊኒኩና ስለ ፈተናው ነው። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የያዘኝ እግረ መንገድሽን የጠቀስሽው ነገር ነው፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነሽ ማንበብሽ። «አይገባኝም» ያልሽውም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ድምፁን አጥፍቶ፣ ጆሮውን ወደ እናቱ አልጋ ጥሎ የሚያነብ ሰው ምን ይገባዋል? ነርሲንግ ደግሞ በአፍም በእጅም የሚጠና ሙያ ነው። ከዚያ ብርድ ልብስ መውጣት አለብሽ። እንዴት እንደምትወጪ እመለስበታለሁ፤ በቅድሚያ አጫጭሮቹን ልመልስልሽ።

ገንዘቡን አትስጪ። እንዲህ እየተባሉ የተሸጡ ሁለት ወረቀቶችን ተማሪዎች አምጥተው አሳይተውኛል። አንዱ ላይ የልጅ መድኃኒት መጠን በአሥር እጥፍ ተሳስቶ «ትክክለኛ መልስ» ተብሎ ተከቦበታል። ያንን የሸመደደች ልጅ ፈተናው ላይ ብቻ አይደለም የምትሳሳተው። ጥያቄው እውነተኛ ቢሆንም ደግሞ የስርቆት ዕቃ ነው፤ ስትያዢ የምታጪው አንድ ዙር ፈተና ብቻ አይሆንም። 8,000 ብር ስንት እንጀራ እንደሆነም ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ያ እቁብ የእናትሽ ነው፤ አትንኪው።

ክሊኒኩም ውስጥ መርፌ አትውጊ። ካርድ ማውጣት፣ ገንዘብ መቀበል፣ በሽተኛ ማስተናገድ ከሆነ ሥሪ፤ ደመወዝ ያስፈልግሻል። መርፌው ግን ይቆይ። አንድ ሰው ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከወጋሽው በኋላ ፊቱ አብጦ፣ ሰውነቱ ሽፍ ብሎ፣ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ አድሬናሊን 0.5 ሚሊግራም ጭኑ ጡንቻ ላይ መስጠት እንዳለብሽ ታውቂ ይሆናል። እዚያች ክፍል ውስጥ አድሬናሊኑ አለ? ኦክስጅን አለ? የምትጠሪው ሐኪም በዚያ ሰዓት ይገኛል? የዚያን ቀን «ሥሪ» ያለሽ ሰው ከጎንሽ አይቆምም። ሕጉም ያለ ፈቃድ መሥራትን ይከለክላል።

ቢፒ ለኪን የሚሉሽን ጎረቤቶች ግን አታባርሪያቸው። ለጥናትሽ ይጠቅሙሻል። ብዙዎቹ የሚመጡት ቡና ጠጥተው፣ አራት ፎቅ ደረጃ ወጥተው ነው፤ ልክ እንደገቡ ብትለኪያቸው የምታገኚው ቁጥር ያሳስትሻል። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይለፋቸው። አምስት ደቂቃ ይረፉ፣ ጀርባቸው ይደገፍ፣ እግራቸው መሬት ይርገጥ፣ ክንዳቸው በልባቸው ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ከፍ ብሎ ካገኘሽው ወደ ጤና ጣቢያ ላኪያቸው። መድኃኒት ጀምሩም፣ አቁሙም አትበያቸው።

እንግዲህ ወደ ፈተናው እንምጣ። ጤና ሚኒስቴር ይህንን አገር አቀፍ ምዘና ከጀመረበት ከ2011 ወዲህ ወድቀው ሲያለቅሱ ያየኋቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ለትንሽ ነጥብ የሚወድቁት በአብዛኛው ትምህርቱን ያውቁታል። የሚያደናግራቸው ቅደም ተከተሉ ነው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ አራቱም ምርጫ ዋርድ ውስጥ የሚሠራ ነገር ሊሆን ይችላል። የሚለየው አንዲት ቃል ናት፤ «ፈርስት»፣ «ኢኒሻል»፣ «ፕራዮሪቲ»። አንዳንዴ ደግሞ «ኤክሴፕት» ትመጣና ጥያቄውን ትገለብጠዋለች። ጥያቄውን ስታነቢ ያቺን ቃል ጣትሽን አስነክተሽ በአማርኛ ለራስሽ በያት፤ «መጀመሪያ ምን ላድርግ?»፣ «የትኛው አይሆንም?»።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። አንዲት እናት ከወለደች አንድ ሰዓት ሆኗታል። ፓዷ በ15 ደቂቃ ውስጥ በደም ርሷል። ሆዷን ስትዳስሺው ማህፀኗ እንደ ሊጥ ለስልሷል። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? ቢፒ ትለኪያለሽ? ለደም ናሙና ትልኪያለሽ? ለሐኪሙ ደውለሽ ትጠብቂያለሽ? ወይስ ማህፀኗን ታሺያለሽ?

ይህንን ጥያቄ እኔ በወረቀት ሳይሆን በሰው ነው የተፈተንኩት። ተማሪ ሳለሁ፣ ከከተማ ወጣ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ማታ ተረኛ ነበርኩ። እናትዮዋ «በረደኝ» አለችኝ። ብርድ ልብሱን ስገልጠው አንሶላው ቀይ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? የቢፒ መለኪያ ፍለጋ ሮጥኩ። ያስተማሩኝ «ቫይታል ሳይን ውሰዱ» ብለው ነውና። መለኪያውን ይዤ ስመለስ አንዲት አንጋፋ ነርስ አንድ እጇን ከእናትዮዋ እምብርት በታች አድርጋ በክብ ታሸዋለች፤ በሌላው እጇ ከታች ደግፋለች፤ አፏ ደግሞ «ኦክሲቶሲን! መስመር ክፈቱ!» ይላል፤ ኦክሲቶሲን ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት ነው። ከእጇ ሥር ማህፀኑ ሲጠነክር እንድዳስሰው እጄን ስባ አስቀመጠችልኝ። እንደ ብርቱካን ድፍን ብሎ ሲቋጠር እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ አለ። እናትዮዋ ተረፈች። እኔ ግን ስሮጥ የባከነችውን ሁለት ደቂቃ አልረሳትም።

መልሱ ማሸት ነው፤ እያሸሽ እርዳታ ትጠሪያለሽ፤ ቢፒው ይከተላል። ለምን? ደሙ የሚፈሰው ማህፀኑ ስላልተኮማተረ ነው፤ መንስኤው እጅሽ ሥር እያለ ቁጥር ፍለጋ አይኬድም። አሁን ጥያቄውን ትንሽ ልለውጠው። ማህፀኗ ከእምብርቷ በላይ ወጥቶ ወደ ቀኝ ተገፍቷል ቢልሽስ? ያኔ አስቢ፤ ፊኛዋ ሞልቶ እየገፋው ነው፤ ሽንቷን እንድትሸና ማድረግ አለብሽ። የፈተናው አውጪ የሚፈልገው ይህንን ነው። አንዷን ቃል ሲቀይር በሽተኛዋ እንደተቀየረች እንድታዪለት።

የወሊድ ነገር በፈተናው ለምን ጠበቅ ተደርጎ እንደሚጠየቅ ስታስቢ ልዕልት ፀሐይን አስቢ። በስደት ዘመን ለንደን በታላቁ የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርሲንግ ተምራ የተመረቀች፣ በአገራችን ስመ ጥር ከሆኑት የመጀመሪያ ነርሶች አንዷ ናት። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ነበረች፤ ነርስም ነበረች። በ1934 ነቀምቴ ላይ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፈች፤ ገና ወጣት ነበረች። በስሟ የተሠራው ሆስፒታል በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሆነው ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም ዛሬ በጤና ጣቢያ ያለች አንዲት ነርስ በእጇና በ10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ልታቆመው ትችላለች። ፈተናው አጥብቆ ቢጠይቅሽ አትቀየሚው።

ሒሳቡን ደግሞ አትፍሪው። ብዙ ልጅ ያለ ምክንያት ነጥብ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። 1,000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ይግባ፣ መስመሩ በአንድ ሚሊ 20 ጠብታ ነው ተባልሽ እንበል። 1,000 በ20 ሲባዛ 20,000 ጠብታ። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። ስታካፍይው 41.67፤ ማለትም በደቂቃ 42 ጠብታ። ቀመሩን ብቻ ከያዝሽው ሰዓቱን ወደ ደቂቃ ሳትለውጪ ታካፍይና 2,500 ታገኚያለሽ፤ ከምርጫዎቹ ውስጥም ሊኖር ይችላል። ዓይንሽን ጨፍነሽ በደቂቃ 2,500 ጠብታ የሚወርድበትን መስመር ሳዪው፤ የቧንቧ ውኃ ነው። ጠብታውን በዓይነ ሕሊናሽ ካየሽው እንዲህ ያለ መልስ አያታልልሽም።

የሕፃናቱም እንደዚሁ ነው። 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም ከተባለ 180 ሚሊግራም ነው፤ ሽሮፑ በ5 ሚሊ 120 ሚሊግራም ከያዘ 7.5 ሚሊ ትሰጪዋለሽ። ሳል ላለበት ልጅ ትንፋሽ ሲቆጠርም ዕድሜው ይወስናል። የ11 ወር ሕፃን በደቂቃ 48 ጊዜ ቢተነፍስ ፈጣን አይባልም፤ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ድረስ ወሰኑ 50 ነውና። የ14 ወሩ ልጅ ግን 44 ቢሆን ፈጣን ነው፤ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ወሰኑ 40 ነው። ቁጥሩ ያነሰው ልጅ ነው የታመመው። የጎረቤት ልጅ ሲተኛ ሙሉ አንድ ደቂቃ ደረቱን እያየሽ ቁጠሪ፤ ሦስት ልጅ ከቆጠርሽ በኋላ ይህንን ጥያቄ አትስቺውም።

ስልክሽ ላይ ያለውን ፒዲኤፍ ስንት ዓመት እንደሆነው እዪው። አሮጌ ሀንድአውት እየተቀባበሉ የሚያጠኑ ልጆች አሮጌ መልስ ይመልሳሉ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር ብቻ ነው የሚል ካለሽ ጣይው፤ ከ2011 ጀምሮ በ15 ወር ሁለተኛ ዙር አለ። ሰፈርሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና ክትባት ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ቆመሽ ገልብጪው፤ እዚያ ያለችው ነርስ አትከለክልሽም። ለፈተናው የወጣውን የይዘት ዝርዝር፣ እናንተ ብሉፕሪንት የምትሉትን፣ ከሚኒስቴሩ ከራሱ ገጽ አውርጂ። የትኛው የትምህርት ክፍል ስንት ድርሻ እንዳለው ከዚያ ታያለሽ፤ ሰዓትሽንም በዚያ ልክ ትከፋፍያለሽ። የምትወጂውን እየደጋገሙ ማንበብ ደስ ይላል፤ የጣለሽ ግን እሱ አይደለም።

ደብተር ግዢ፤ ስልክ አይሆንም። በቀን 20 ጥያቄ ሥሪ፤ 100 አያስፈልግሽም። የተሳሳትሽውን እያንዳንዱን ጥያቄ ለምን እንደሳትሽው በአንድ መስመር ጻፊ፤ «ጭራሽ አላውቀውም»፣ «ቸኮልኩ»፣ «ኤክሴፕቷን አላየኋትም»። ሁለት ሳምንት ሲሞላሽ ደብተርሽ ራሱ ይነግርሻል። «አላውቀውም» የሚለው ከበዛ ወደ መጽሐፉ፤ «ቸኮልኩ» ከበዛ አነባበብሽ ላይ ነው ሥራው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ማንበብ ጥሩ ነው፤ ከኮዬ አራት ኪሎ ለመድረስ ግን ቀኑ በታክሲ ያልቅብሻል። ለሳምንት አንድ ቀን ካልሆነ አልመክርሽም።

የፈተናው ቀን ላይ ብዙ አልልሽም። መታወቂያሽንና የመፈተኛ ወረቀትሽን ማታ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፤ ስልክ እንደማይገባ አስበሽ የእጅ ሰዓት ካለሽ እሰሪ። ቦታው መሃል ከተማ ከደረሰሽ አንድ ቀን ቀደም ብለሽ በዚያው ሰዓት ሂጂና ሞክሪው፤ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ ያለውን የጠዋት መጨናነቅ እኔም አውቀዋለሁ። ዘመድ ካለሽ እዚያ እደሪ። የከበደሽን ጥያቄ ምልክት አድርገሽ እለፊው፤ አንዱ ላይ አትሙቺበት።

አሁን ወደ እናትሽ።

እኔም እናት ነኝ። ልጄ አንድ ጊዜ ፈተና ወድቆ ደብቆኝ ነበር። ውጤቱን ማንም ሳይነግረኝ በፊት ምግቡን ሳይጨርስ መነሳት ሲያበዛ አውቄበታለሁ፤ ምን እንደሆነ ባላውቅም የሆነ ነገር እንዳለ አውቄያለሁ። እናትሽ አራት ወር ሙሉ «አልመጣም» ስትያት የምትጠይቅሽ እየቀነሰ ከመጣ፣ አምናሽ አይመስለኝም፤ እንዳታሳፍርሽ ብላ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሁለታችሁም አንድ ክፍል ውስጥ ለየብቻ ነው የተጨነቃችሁት።

ንገሪያት። ገበያ ልትወጣ ስትቸኩል ሳይሆን ማታ፣ አብሲቱን ጥላ እጇን ታጥባ ስትቀመጥ። ረጅም ንግግር አታዘጋጂ። «እማዬ፣ ውጤቱ ከመጣ ቆየ። አላለፍኩም፤ ትንሽ ነው የቀረኝ። ዋሽቼሻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ድጋሚ ልፈተን ተመዝግቤያለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ መብራት አብርቼ ላነብ ነው» በያት። ልትቆጣ ትችላለች፣ ልታለቅስም ትችላለች። አንቺም አልቅሺ። ስለ ቴሌግራሙ ልጅም ንገሪያት፤ ከነገርሻት በኋላ ገንዘቡን ልጠይቃት የሚለው ሐሳብ ራሱ ይጠፋል። ጎረቤቶችሽን ደግሞ እየዞርሽ ማረም የለብሽም። ቀረብ ያሉሽ «ሲስተር» ሲሉሽ «ትምህርቱን ጨርሻለሁ፣ የፈቃዱን ፈተና በድጋሚ ልፈተን ነው፤ ጸልዩልኝ» ካልሻቸው በቂ ነው። ከእነሱ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ሦስት ጊዜ የተፈተነ፣ ማትሪክ የደገመ ስንቱ እንዳለ ያን ጊዜ ይነግሩሻል።

ከዚያ ሌሊት 10 ሰዓት እናትሽ ስትነሳ አብረሻት ተነሺ። ከምጣዱ አጠገብ በርጩማ ላይ ደብተርሽን ይዘሽ ተቀመጪ። ሊጡ ተዘርግቶ አክንባሎው ሲከደን አንድ ጥያቄ ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ እንጀራው ወጥቶ ሰፌድ ላይ እስኪያርፍ መልሱን ከነምክንያቱ በአማርኛ አስረጃት። ለአንድ ጥያቄ የሚሆን ሰዓት ይበቃል፤ ቆዝሞ ለመቅረት ግን አይበቃም። እናትሽ ካልገባት አንቺም ገና አልገባሽም፤ ዳር ላይ ምልክት አድርጊና ቀን ተመለሽበት። መብራት ከጠፋም ጥያቄው በቃል ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ያንን የደም መፍሰስ ጥያቄ አንብቢላት። እሷ ወልዳለች፤ አንቺን ስትወልድ ማን አጠገቧ እንደነበረና ሆዷን ማን እንዳሸላት ጠይቂያት።